ጎንደር ላይ የወጣቶች የኪነት ቡድን ማቋቋም፦ ከልጆች ምርጫ እስከ አደባባይ ትዕይንት

ጎንደር ኪነት የምታጣ ከተማ አይደለችም። ማሲንቆው፣ እስክስታው፣ ቅኔው፣ የበአታ አቋቋም፣ የአዲስ ዓለም መንዙማ፣ የወለቃ ሸክላ ሁሉም እዚሁ አለ። የጎደለው ይህን ሀብት ይዞ ልጆችን በእኩል ዐይን የሚያይ፣ በጦርነትና በመፈናቀል የደነገጠን ልብ የሚያረጋጋ፣ በሰፈሩ ውስጥም አንድ የሚጨበጥ ነገር የሚያስተካክል ቡድን ነው። ይህን የጻፍኩት እንዲህ ያለ ቡድን ለመጀመር ለሚያስቡ መምህራን፣ ለወጣት ማዕከል ሠራተኞች፣ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባባሪዎችና ለበጎ ፈቃደኞች ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ስለ እኩልነት ድራማ የሠራ ቡድን ሁሉ እኩልነትን ሠርቷል ማለት አይቻልም። መሪዋን ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ አንደበተ ርቱዕ የሆነችው የተማረ ቤተሰብ ልጅ ከያዘች፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ወንበር ደርድራ መጋረጃ ከጎተተች፣ ድራማው ስለ ሴቶች መብት ቢሆንም ልጆቹ የተማሩት የድሮውን ትምህርት ነው። ፍትሕ የሚታየው በምዝገባው ወረቀት፣ በልምምዱ ሰዓት፣ አስተማሪ ተብሎ በተጠራው ሰውና መጀመሪያ እንዲናገር በተጋበዘው ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ መድረክ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ልምምድ ክፍሉ የሚናገረው ይበዛል።

በአገራችን የሚጠቀሱ ምሳሌዎች አሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው አዱኛ የዳንስ ቡድን ጎዳና ላይ ይውሉ የነበሩ ልጆችን ለረጅም ጊዜ አሠልጥኖ ባለሙያ ዳንሰኞች አድርጓቸዋል፤ በኋላም አካል ጉዳተኞች የሚደንሱበት ክፍል ነበረው። ፈካት ሰርከስ ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ለታመሙ ልጆች ትዕይንት በማሳየት ይታወቃል። ሁለቱም ሥራቸው በአንድ በዓል ትዕይንት የሚያልቅ አልነበረም።

ደረጃ 1፦ የማይመጡትን ልጆች ፈልጉ

ማስታወቂያ ለጥፎ የመጣውን መመዝገብ ቀላል ነው፤ የሚመጡት ግን ጊዜ ያላቸው፣ ማንበብ የሚችሉ፣ «እኔ እችላለሁ» ለማለት የለመዱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት በእግር ዙሩ። ቡድኑ የሚቋቋመው ማራኪ ቢሆን፣ አራዳ ቢሆን፣ አዘዞ ቢሆን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በተለያየ ሰዓት እየወጣችሁ ልጆች የት እንደሚውሉ ተመልከቱ፦ ቅዳሜ ገበያ ዕቃ የሚሸከሙትን፣ ፒያሳ ላይ ሊስትሮ የሚሠሩትንና ሎተሪ የሚያዞሩትን፣ ከቦኖ ውኃ የሚቀዱትን፣ ቤት ተከራይተው ከሚኖሩ የተፈናቃይ ቤተሰቦች የመጡትን፣ በሰው ቤት የሚሠሩትን ሴት ልጆች፣ የቆሎ ተማሪዎችን፣ በዊልቸር ወይም በክራንች የሚሄዱትንና መስማት የተሳናቸውን።

ከዚያ ቦታዎችን ከፋፍሉ። 24 ልጆች የምትይዙ ከሆነ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ፤ ከጠቅላላው ውስጥም ቢያንስ አሥሩን ቦታ ከላይ ለተዘረዘሩት ልጆች አስቀድማችሁ ያዙ። የቀረውን በዕጣ ሙሉ። የችሎታ ፈተና አታድርጉ። ፈተና የሚለካው ቀድሞ ዕድል ያገኘው ማን እንደሆነ ነው፤ ክራር ገዝቶ የሚሰጠው አባት ያለው ልጅ ሁልጊዜ ያልፋል።

በምዝገባው ቅጽ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የአሳዳጊ ስልክና ልጁ የሚመቸው ሰዓት ብቻ ይጻፍ። የብሔርና የሃይማኖት ሳጥን አይኑር። በአማራውና በቅማንቱ መካከል ባለፉት ዓመታት በማዕከላዊና በምዕራብ ጎንደር የፈሰሰው ደም፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማችን በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ተነሥቶ የሰው ሕይወት የቀጠፈው ግጭት ገና ከቤት ውስጥ ወሬ አልወጣም። ልጁ ደጃፋችሁ ላይ «አንተ የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ከተጠየቀ ሁለተኛ አይመጣም። ቡድኑ ከየአቅጣጫው የተውጣጣ መሆኑን የምታረጋግጡት የተለያዩ ሰፈሮችን በማካተት ነው።

ዕድሜን በተመለከተ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ግን ከ18 በታች ያሉት በሕግ ሕፃናት ናቸው፤ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ አንዳቸውንም አትመዝግቡ። የ13 ዓመት ልጅንና የ20 ዓመት ጎረምሳን በአንድ ክፍል አታሠልጥኑ። ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 18 ብላችሁ ለዩ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ረዳት አሠልጣኝ መሆን ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ ጥላ፣ ፈቃድና ሰዓት

በመጀመሪያው ዓመት የራሳችሁን ማኅበር ለማስመዝገብ አትቸኩሉ። ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ፣ የሥነ ጾታና ሌሎች ክበባት አሏቸው፤ የወጣት ማዕከላትና የቀበሌ አዳራሾችም አሉ። ከእነዚህ በአንዱ ጥላ ሥር ግቡ። ለቀበሌው አስተዳደርና ለአካባቢው ፖሊስ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን እንደምትሠሩ በአጭር ደብዳቤ አሳውቁና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ። ባልተረጋጋ ጊዜ ብዙ ልጅ አንድ ቤት ሲሰበሰብ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ደብዳቤው የእናንተም የልጆቹም መከላከያ ነው።

ወላጆችን በደብዳቤ ሳይሆን በየቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። ቡና ተፈልቶ ከሆነ ተቀመጡ። በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ደግሞ ከአሳዳጊዋ ፈቃድ ሌላ የአሠሪዋም እሺታ ያስፈልጋል፤ ይህን ጉብኝት ሴት አሠልጣኝ ብታደርገው ይሻላል። «እትዬ፣ እሑድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ እኔው ራሴ እመልሳታለሁ» የሚል ቃል ከአንድ ገጽ ማብራሪያ በላይ ይሠራል። ቃሉ ግን መጠበቅ አለበት፤ አንድ ቀን አምሽታ ከተመለሰች በሩ ተዘጋ።

ሰዓት ራሱ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ የሚሸከሙና የሚሸጡ ልጆች አይመጡም። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰላት አለ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። በአብዛኛው የሚያዋጣው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ካሉ ግን ጠይቃችሁ አስተካክሉ። በእገታ ፍርሃት ምክንያት ወላጅ ልጁን ከዐይኑ ማራቅ የከበደበት ጊዜ ላይ ስላለን፣ ሁሉም ልጅ ከ11 ሰዓት በፊት ቤቱ መድረስ አለበት። ልጆቹን በሰፈር በሰፈር ከሦስት እስከ አምስት አድርጋችሁ አቧድኗቸው፤ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፤ የመጨረሻው ልጅ ቤት ሲገባ ለአስተባባሪው ይደወላል። ለባጃጅ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ ይኑር፤ በተለይ መራመድ ለሚከብዳቸው።

ምግብም አትርሱ። ተርቦ የመጣ ልጅ ድምፅ አያወጣም፣ ትዕግሥትም የለውም። ዳቦ በሻይ ወይም ቆሎ ይበቃል፤ የሚጾሙ ስላሉ ወተትና ቅቤ የሌለበት ይሁን፣ በረመዳን ደግሞ ለጾመኞቹ ተቋጥሮ ይሰጣቸው። የሚቀርበውም ለሁሉም እኩል፣ በአንድ ጊዜ፣ «ለችግረኞች» ሳይባል ነው።

ደረጃ 3፦ አስተማሪ ማን ነው?

ከሁሉም በላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ደረጃ ይህ ነው።

በጎንደርና በዙሪያዋ ጥበቡን ተሸክመው ያቆዩት ሰዎች፣ በዚያው ጥበብ ምክንያት ሲናቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አዝማሪው በሠርግ ይጠራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ ልጁ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ በአባቱ ሙያ ይሰደባል። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ እንጀራ ጋግሮ የሚበላ ሰው ስለ እሷ ክፉ ይናገራል፤ ቀጥቃጩም እንዲሁ። ይህን ንቀት በንግግር ለማጥፋት ብዙ ተሞክሯል። የኪነት ቡድን የተሻለ መንገድ አለው፦ የተናቀውን ባለሙያ በአስተማሪ ወንበር ማስቀመጥ።

ስለዚህ የማሲንቆ መምህራችሁ በዚሁ ሙያ የሚተዳደር አዝማሪ ይሁን። ልጆቹ «ጋሼ» ብለው ይጥሩት፤ የአሠልጣኞች ስም በተዘረዘረበት ወረቀት ላይ ስሙ ከመምህራኑ እኩል ይጻፍ። ሌሊት ሲሠራ ስለሚያድር ጠዋት አትጥሩት። ክፍያውም ዲፕሎማ ካለው አሠልጣኝ ያነሰ አይሁን፤ ባነሰ ከከፈላችሁት ልጆቹ ሳይነገራቸው ያውቁታል። ከወለቃ ወይም ከሌላ ቦታ የምትመጣ ሸክላ ሠሪም እንዲሁ፦ የመጓጓዣዋ፣ የቀን ገቢዋና የአፈሩ ዋጋ ይከፈላት። በቡድኑ ውስጥ የአዝማሪ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ካለ ግን እሱ ሳይፈቅድ «ይኸው የእነ እገሌ ልጅ» ብላችሁ አታውጡት። ራሱ ሲኮራበት ይናገረዋል።

የቆሎ ተማሪዎች ከፈለጉ የኔታቸውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ዜማውና አቋቋሙ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለመድረክ ማሞቂያ አይወሰድም። መንዙማም እንደዚሁ የሚነካው ባለቤቶቹ በፈቀዱት ልክ ነው። ተማሪዎቹ ግን ቃልን በጆሮ ይዞ የማስታወስ ልምዳቸውን፣ የቅኔ ቤት ንቃታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ግጥም በምትሠሩበት ሰዓት ያ ልምድ ወርቅ ነው።

በእያንዳንዱ ልምምድ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ይኑር፣ አንዷ ሴት ትሁን። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቀመጥ። ይህ ደንብ ለማንም አይላላም፤ ለእኔም፣ ለእናንተም፣ ለተከበረው እንግዳም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት

ገና ድራማ የለም። የምትሠሩት ልጆቹ እርስ በርስ ሳይፈሩ የሚቆሙበትን ክፍል ነው። ልምምዱ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት አጀማመርና አንድ ዓይነት አጨራረስ ይኑረው፤ ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱ የተናወጠበት ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቁ ብቻ ያሳርፈዋል።

ክብ ሠርታችሁ ቁሙ። እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ከአንድ የትከሻ እንቅስቃሴ ጋር ይናገራል፣ ሌሎቹ ስሙንም እንቅስቃሴውንም ይደግሙለታል። እስክስታ ለማያውቅም ለሚያውቅም መግቢያ ነው፤ ዊልቸር ላይ ያለች ልጅ ትከሻዋ እንደማንም ይሠራል። መስማት የተሳነው ልጅ ካለ ከበሮው መሬት ላይ ይቀመጥና ንዝረቱን በመዳፉ ይያዝ፤ የቡድኑ ልጆች በሙሉ የስማቸውን ምልክት ከእሱ ይማሩ። አስተማሪ እሱ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ስዕል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ያላየ የጎንደር ልጅ ብዙ ነው። ከቻላችሁ አስፈቅዳችሁ ውሰዷቸው፤ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ልጅ መሄድ ካልፈለገ ፎቶው ይበቃዋል። ከዚያ ሁሉም የራሱን ፊት በዚያ አሣሣል፣ ዐይኑን ትልቅ አድርጎ ይሥላል። 24 ፊቶች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ይሰቀላሉ። ማንም ከማንም አይበልጥም፣ ሥዕል አልችልም ያለውም እዚያው አለ። ሥዕሎቹ ዓመቱን ሙሉ አይወርዱም። ግድግዳ ላይ በቀለም መሣል ካማራችሁ የትምህርት ቤቱን ወይም የማዕከሉን አጥር አስፈቅዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢንም ሆነ ማንኛውንም የድሮ የድንጋይ አጥር አትንኩ።

በአራተኛው ሳምንት ደንብ ይውጣ። ልጆቹ ራሳቸው ያውጡት፤ ከአምስት አይብለጥ። «እዚህ የሰማሁትን ውጭ አላወራም» እና «አልፈልግም ማለት ይቻላል» የሚሉት ግን ባያነሷቸውም እናንተ ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ ስለ ፈውስ

አሠልጣኝ ሐኪም አይደለም። ይህ መታወቅ አለበት። ከወሎና ከሰሜን ጎንደር፣ ከወልቃይት አቅጣጫ፣ ከሱዳን ድንበር የመጡ ልጆች ያዩትን ነገር እኛ በሁለት ሰዓት ልምምድ አናክመውም። የምንችለው ሰውነታቸው የሚረጋጋበት፣ ከእኩዮቻቸው ጋር የሚስቁበት፣ በደረሰባቸው ነገር ሳይሆን በሚሠሩት ነገር የሚታወቁበት ቦታ ማዘጋጀት ነው። ይህም ትንሽ አይደለም።

የመጀመሪያው ደንብ፦ «የደረሰብህን ንገረን» አትበሉ። «በጣም ያዘናችሁበትን ቀን ሣሉ» የሚለውም ያው ነው። በርከት ያሉ ፕሮግራሞች ልጁን በሰው ፊት ቁስሉን ያስነግሩትና፣ ሁሉም አልቅሶ፣ ልጁ ያንን ተሸክሞ ለብቻው ወደ ቤቱ ይሄዳል። በምትኩ ሌላ ሰው ፍጠሩ፦ «ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት አህያ አለች፣ ጎንደር ስትደርስ ምን ገጠማት? ማን ውኃ ሰጣት?» ልጆቹ በአህያዋ አፍ የሚሉትን ስሙ። እውነቱን ይናገራሉ፤ ግን መመለስ ሲፈልጉ ወደ አህያዋ ይመልሱታል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ጥይት የሰማ ልጅ ድንገተኛ የከበሮ ምት፣ የወንበር መውደቅ፣ የሚፈነዳ ፊኛ ያስደነግጠዋል። ከመመታቱ በፊት «አሁን ከበሮ ሊመታ ነው» በሉ፤ ቀስ ብሎ ይጀምር፣ ቀስ ብሎ ይውረድ። ልጆቹ ራሳቸው እጃቸውን አንሥተው ምቱን ማስቆም ይቻሉ። ይህ ሥልጣን በእጃቸው መሆኑ ራሱ መድኃኒትነት አለው።

ሦስተኛው ሽለላና ፉከራ ነው። የአገራችን ትልቅ ጥበብ ነው፤ ወንዶቹ ልጆች ደግሞ ዱላ እንደ ጠመንጃ ይዘው ወዲያው መጀመር ይወዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እንዳይገባ ነው ምክሬ። ቀረርቶ የወንድሙን አስከሬን የሸኘን ልጅ የት እንደሚወስደው አናውቅም፤ አጠገቡ ያለውም ልጅ ከሌላው ወገን ሊሆን ይችላል። በኋላ ልጆቹ አጥብቀው ከፈለጉ፣ ግጥሙን ራሳቸው ይጻፉ፤ የሚፎከርበት ሰው፣ ብሔር ወይም እምነት አይኑር፣ መሣሪያም ዱላም አይያዝ።

ልጅ ቢያለቅስ፦ ልምምዱ አይቁም፣ ሰውም አይክበበው። አንዷ አሠልጣኝ አጠገቡ ትቀመጥ፤ ሳትጠይቅ አታቅፈው። «እዚህ ነኝ፤ መናገር አይጠበቅብህም፤ ውኃ ላምጣልህ?» ይበቃል። እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ ዙሪያው የሚያየውን አምስት ነገር እንዲጠራ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያረጋጋል። ሲረጋጋ ወደ ክቡ ይመለስ ወይም ዳር ተቀምጦ ይይ፤ ምርጫው የእሱ ነው።

እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ ሲደነግጥ ራሱን የሚስት፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የተናገረ፣ ወይም ቤት ውስጥ እየተጎዳ ያለ የሚመስል ልጅ ከአቅማችሁ በላይ ነው። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት የምትልኩበትን ቦታ ለዩ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና በፖሊስ የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከታቸው ሠራተኞችም አሉ። ሄዳችሁ በአካል ተዋወቁ፣ ስልክ ያዙ። ወላጅ «ጠበል ነው የምንወስደው» ቢል አትከራከሩ። «ጠበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም» ማለት የእምነቱንም ክብር ይጠብቃል፣ ልጁንም ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። እብደት የሚለው ቃል ግን ከአፋችሁ አይውጣ።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር። የልምምድ ክፍል ውስጥ ስልክ በከረጢት ይሰብሰብ፤ የአሠልጣኞቹም ጭምር። የተፈናቀለች ልጅ ፊት ከታሪኳ ጋር ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ አይውጣ፤ ገንዘብ የሰጠ አካል ቢጠይቅም አይውጣ። እጆች፣ ሸክላዎች፣ ከኋላ የተነሣ ክብ ለሪፖርት ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ሥራውን ከልጆቹ አፍ ማውጣት

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ድራማ መጀመር ይቻላል። በክበባት የለመድነው ድራማ ብዙውን ጊዜ አዋቂ የጻፈው ነው፤ ያጠፋች ልጅ ትቀጣለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ወይም ሐኪም ይመክራል፣ ይጨበጨባል። ተመልካቹ የሚያውቀውን ሰምቶ ይሄዳል። ሌላ መንገድ እንሞክር።

በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ይህን ጨዋታ ወደ ክፍሉ አምጡት። መጻፍና ማንበብ አይጠይቅም፣ ለዚህም ነው የምወደው። የማሲንቆ መምህሩ ዜማውን ይያዝ፤ ርእስ ይሰጥ፦ ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ኪራይ፣ ቀለብ። አንዱ ልጅ አንድ ስንኝ ይሰጣል፣ ሌላው ቤት ይመታል። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦

ደብተሯን አንግታ ስታልፍ እኩያዬ፣
ጀሪካኑ ከብዶኝ ጎበጠ ጀርባዬ።

ይህን ለመነሻ ያህል እኔው ገጥሜዋለሁ፤ ልጆቻችሁ የተሻለ ያመጣሉ። ጥሩ ጥሩው በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ከግጥሙ ጎን የባለቤቱ ስም ይኑር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ለልጅ ደራሲም ይሠራል፤ ቡድኑ የልጁን ግጥም ሳያስፈቅድ ለሌላ አይሰጥም።

ከደብተሩ ውስጥ ደጋግሞ የመጣውን ጉዳይ ምረጡ። ምርጫውን በባቄላ አድርጉት፦ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ሳህን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ባቄላ፣ አንዱ ሲመርጥ ሌሎቹ ዐይናቸውን ጨፍነው። በእጅ ማውጣት ከሆነ ዓይናፋሮቹ ብዙኃኑን ይከተላሉ።

አሁን የፎረም ቴአትር ዘዴ ይገባል። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በላቲን አሜሪካ ያዳበረው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ታሪክ ይሠራል፤ ታሪኩ በሽንፈት ያልቃል። ለምሳሌ በሰው ቤት የምትሠራ የ15 ዓመት ልጅ የማታ ትምህርት መመዝገብ ትፈልጋለች። አሠሪዋ «ማን ራት ይሠራል?» ትላለች፤ ሥራውን ያገኘላት ደላላ «ተይው፣ ሥራሽን ታጫለሽ» ይላታል፤ ትምህርት ቤት ስትሄድ የድሮ የትምህርት ማስረጃ አምጪ ትባላለች፤ ተስፋ ቆርጣ ትመለሳለች። አለቀ።

ከዚያ አወያዩ ወደ ተመልካቹ ዞሮ «እንደገና እናሳያለን፤ እሷ ሌላ ነገር ማድረግ ትችል ነበር የምትሉበት ቦታ ላይ ‹ቁም› በሉ» ይላል። ቁም ያለ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የልጅቷን ቦታ ይይዛል። ተዋንያኑ በቀላሉ አይሸነፉለትም፤ አሠሪዋ እውነተኛ አሠሪ ሆና ትከራከራለች። ሦስት አራት ሰው ይሞክር። ተመልካቹ የጨቋኟን ቦታ ወስዶ በአንድ ቃል ደግ ቢያደርጋት አይቆጠርም፤ ዓለም በዚያ መንገድ አይለወጥም።

አወያዩ ብዙ ልምምድ ያስፈልገዋል። ማንንም አያርም፣ መልስ አይሰጥም፤ «ይሠራል ትላላችሁ? ምን ይከለክላታል?» እያለ ይመልሰዋል። አዋቂ ወጥቶ ረጅም ምክር ሲጀምር «አባባ፣ ይህንኑ በእሷ ቦታ ሆነው ያሳዩን» ማለት መቻል አለበት፤ በአክብሮት፣ ግን ሳያፈገፍግ። ይህን ቦታ ለንግግር አዋቂው ሳይሆን ሰው ለሚሰማው ልጅ ስጡ። ታሪኩ የራሷ የሆነች ልጅ ግን የዚያችን ገጸ ባሕርይ ሚና አትያዝ፤ ከፈለገች አሠሪዋን ትጫወት። ብዙዎቹ በዚያ ሚና ጉልበታቸውን ያገኙታል።

ደረጃ 7፦ ትዕይንቱ ለማን ነው?

ለወላጆች የሚደረገው ደስታ ነው፣ ይደረግ። ለውጥ የሚፈለግበት ትዕይንት ግን ነገሩን ማስተካከል የሚችሉ ሰዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ነው። ለላይኛው ምሳሌ የሚጋበዙት፦ የማታ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ የሰፈሩ ዕድር ዳኛና ጸሐፊ፣ ሁለት ሦስት አሠሪዎች፣ ከቀበሌው አንድ ኃላፊ። ከ60 ሰው አይብለጥ። የዕድር ስብሰባ ባለበት ቀን ከስብሰባው ቀጥሎ ማድረግ ሰው መጥራትን ያቀላል። ጃንተከል ዋርካ አካባቢ ወይም ሌላ ክፍት ቦታ ማሳየት ቢያምርም ሕዝብ የሚበዛበት ቦታ ፈቃድና ጥበቃ ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ ይሻላል።

ውይይቱ ሲያልቅ ጭብጨባው ሳይበርድ አንድ ልጅ ትልቅ ወረቀት ይዞ ይውጣና «ከእናንተ ማን ምን ያደርጋል? እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቅ። ርዕሰ መምህሩ «ማስረጃ የሌላቸውን በፈተና እንቀበላለን» ካለ ቃሉ፣ ስሙና ቀኑ ይጻፋል፣ ይፈርማል። ዕድሩ «በሚቀጥለው ስብሰባ አሠሪዎችን እናነጋግራለን» ካለ ይጻፋል። ማንም ምንም ካላለ ያም ይጻፋል። ከአንድ ወር በኋላ ሁለት ልጆችና አንድ አዋቂ ወረቀቱን ይዘው ቢሮው ይሄዳሉ። ልጆቹ አቤቱታ አቅራቢ ሆነው ሳይሆን ቃል ተቀባይ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ ሰላምታ ሰጥተው፣ የተፈረመውን አሳይተው፣ የተደረሰበትን ጠይቀው ይመለሳሉ። የሰሙትን ለቡድኑ ያቀርባሉ። ቃሉ ካልተፈጸመ ቡድኑ ድራማውን አሻሽሎ፣ መሰናክሉን ጨምሮ፣ ለዚያው ተመልካች እንደገና ያሳያል።

ደረጃ 8፦ መቁጠርና መቀጠል

ለውጡን ለመለካት ውድ ጥናት አያስፈልግም። በየልምምዱ አንድ ረዳት ዳር ተቀምጦ ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ በደብተር ምልክት ያድርግ። በወሩ መጨረሻ ሴቶቹና ወንዶቹ፣ አዲስ መጦቹና ነባሮቹ ጎን ለጎን ይታዩ። አራት ልጆች ጊዜውን ሁሉ የሚወስዱ ከሆነ በሚቀጥለው ወር አጀማመሩ ይቀየር። የመገኘት መዝገቡን ደግሞ ለወቀሳ አትጠቀሙበት፦ ሁለት ጊዜ የቀረን ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ፣ ሕመም ወይም ኪራይ መልቀቅ ነው።

በስድስተኛው ወር ከልጆቹ መካከል ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ረዳት ይመረጡ፤ የቁልፉ፣ የደብተሩና የዳቦው ገንዘብ ኃላፊነት ወደ እነሱ ይተላለፍ። ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ፊርማ ይሁን፣ ሒሳቡ በየወሩ በክቡ ፊት ይነበብ።

መንገድ ቢዘጋ፣ ትምህርት ቤት ቢቋረጥ ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስብሰባ በማይቻልበት ሳምንት አብረው የሚመጡት የሰፈር ቡድኖች ከአንዱ ልጅ ቤት፣ ወላጅ ባለበት ይገናኙ፤ የስሙን ጨዋታ ይጫወቱ፣ አራት ስንኝ ይግጠሙ፣ በ10 ሰዓት ይበተኑ። የማሲንቆ መምህሩና ሌሎቹ አሠልጣኞች ባልሠሩባቸው በእነዚያ ሳምንታት ቢያንስ ግማሽ ክፍያ እንዲያገኙ በበጀቱ ላይ መጠባበቂያ ያዙ። ሁኔታው ሲፈቅድ የመጀመሪያው ልምምድ ድራማውን ከቆመበት አይቀጥልም፤ ሙሉ ሁለት ሰዓቱ ለስም፣ ለትከሻ፣ ለዳቦና ለሻይ ይሁን፤ ያልመጣ ልጅ ካለ በዚያው ቀን ቤቱ ይኬድ።